ሦስት ኪሎ ሜትር የማይሞላው አውራ ጎዳና ሲፈርስ ማን አተረፈ?

አስፋልት የደረሰው መሬት ዋጋው ይጨምራል፤ መንገድ የራቀው ገበያ ይቀዘቅዛል። ይህን ለማወቅ ኢኮኖሚክስ ማጥናት አያሻም። የቤትና የቦታ ደላላ ሁሉ “መንገድ ሊወጣ ነው” የሚለውን ወሬ ከማንም ቀድሞ ለመስማት ጆሮውን አቁሞ የሚውለው በዚሁ ምክንያት ነው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት፣ በሳን ፍራንሲስኮ የወደብ ዳርቻ የተፈጸመው ግን የዚህ ተቃራኒ ይመስላል። በዚያ የግዛቱ ንብረት የነበረ አንድ አጭር አውራ ጎዳና ፈርሶ ከካርታም ከሕግ መዝገብም ተሰርዟል። መንገዱ የቆመበትና አጠገቡ የነበረው መሬት ደግሞ በከተማዋ ውስጥ ገንዘብ ያለው ሁሉ የሚሻማበት ቦታ ለመሆን በቅቷል።

ወሬው በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ለከተማ ፕላን ባለሙያዎች የሚመች ታሪክ ይሆን ነበር። ይሁንና ከዚያው መንገድ መውረጃ አጠገብ ሱቅና ምግብ ቤት የነበራቸው ነጋዴዎች ሒሳቡን ሲያወራርዱት ሌላ ድምር ነው ያገኙት። ከተማዋ ባተረፈችበት ዓመት እነርሱ ደንበኛ አጥተዋል፤ ለካሣ የተገባላቸው ቃል ሥራ ላይ የዋለውም ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው። ለነጋዴም ሆነ ለባለሀብት ትምህርት ያለው በእነዚህ ሁለት ሒሳቦች መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው።

የመንገዱ መለያ ቁጥር 480 ሲሆን፣ ሕዝቡ የሚያውቀው በባሕሩ ዳርቻ ስም “ኤምባርካዴሮ ፍሪዌይ” ብሎ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት ድልድዮችን ለማገናኘት

ሳን ፍራንሲስኮ በሦስት ወገን በውኃ የተከበበች ከተማ ናት። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን ከባሕረ ሰላጤው ማዶ የሚመጣው ሠራተኛና ነጋዴ የሚገባው በጀልባ ነበር። በ1898 የተከፈተው ባለ ሰዓት ማማው የጀልባ ጣቢያ፣ ማለትም “ፌሪ ቢልዲንግ”፣ በደጉ ጊዜ በቀን 50,000 ያህል መንገደኛ ያስተናግድ እንደነበር ይነገራል። የከተማዋ ዋነኛ የንግድ ጎዳና የሆነው ማርኬት ስትሪት የሚያበቃውም በዚሁ ሕንፃ ደጃፍ ነው። በኖቬምበር 1936 የቤይ ድልድይ፣ በሜይ 1937 ደግሞ የጎልደን ጌት ድልድይ ተከፈቱ። ከዚያ በኋላ ጀልባው ገበያ አጣ፤ መኪናው ግን በዛ። ሁለቱ ድልድዮች የሚገኙት በከተማዋ ሁለት የተለያዩ ጫፎች በመሆኑ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው መኪና በከተማዋ መንገዶች መካከል መሹለክ ነበረበት።

የግዛቱ መሐንዲሶች ያቀረቡት መፍትሔ በባሕሩ ዳርቻ ዞሮ ሁለቱን ድልድዮች የሚያገናኝ ፈጣን አውራ ጎዳና ነበር። በ1956 የወጣው የፌዴራል አውራ ጎዳናዎች ሕግ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነቱ ዕቅድ ክንፍ ሰጠው። በሕጉ መሠረት መንገዱ “ኢንተርስቴት” ከተባለ፣ ከወጪው መቶ ዘጠናውን የሚሸፍነው ከነዳጅ ቀረጥ ገንዘብ የሚያገኘው የዋሽንግተን መንግሥት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት ይገባል። ከአንድ ብር ዘጠና ሳንቲሙን ሌላ ሰው የሚከፍልለት ዕቃ ገዢው “ያስፈልገኛል ወይ?” ብሎ አይጠይቅም፤ “ስንት ልውሰድ?” ነው የሚለው። በዚያን ዘመን የአሜሪካ ከተሞች መሐል ለመሐል በአውራ ጎዳና የተተለተሉት መኪና ስለበዛ ብቻ አይደለም። የአሥር ሳንቲም ዋጋ የተለጠፈበትን የአንድ ብር ዕቃ እምቢ የሚል ምክር ቤት አልተገኘም ማለት ይቻላል።

በወደቡ መጋዘኖችና በመሥሪያ ቤቶቹ መካከል ያለው ቦታ ጠባብ በመሆኑ፣ መንገዱ የተሠራው አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብሮ፣ በኮንክሪት አምዶች ላይ በቆመ ባለ ሁለት ፎቅ ቅርጽ ነው። ላይኛው ፎቅ ለአንዱ አቅጣጫ፣ ታችኛው ለሌላው። ከቤይ ድልድይ ተነሥቶ፣ በፌሪ ቢልዲንግ ፊት ለፊት አልፎ ብሮድዌይ እስከሚባለው ጎዳና ያለው ክፍል በ1959 ለትራፊክ ክፍት ሆነ። የከተማዋ ነዋሪ ማርኬት ስትሪት ላይ ቆሞ ወደ ባሕሩ ሲመለከት ከዚያ ወዲያ የሚያየው ግራጫ ኮንክሪት ነበር። የማማው ሰዓት ከመንገዱ በላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ ቀረ።

ሕዝቡ ሥዕሉን አይቶ ያልተቆጣውን ያህል ኮንክሪቱን ሲያይ ተቆጣ። የከተማዋ ምክር ቤት መንገዱ ሊመረቅ በተቃረበበት በጃንዋሪ 1959፣ ታቅደው ከነበሩት አሥር ፍሪዌዮች ሰባቱን እንደሚቃወም በውሳኔ አሳወቀ። በ1966 ደግሞ የ480 ቀጣይ ክፍል የሆነውን የጎልደን ጌት ፍሪዌይ ዕቅድ ጣለው። በዚህ መሐል በ1965 መንገዱ ከኢንተርስቴት ዝርዝር ወጣ፤ በ1968 በግዛቱ ሕግ ተራ የስቴት አውራ ጎዳና ተብሎ ተመዘገበ። በወረቀት ላይ ሁለት ድልድዮችን ያገናኛል የተባለው መንገድ በመሬት ላይ ብሮድዌይ ሲደርስ ተቆርጦ ቀረ። ወደፊት ይቀጥላል ተብሎ የተተወው የኮንክሪት ጫፍ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ለሠላሳ ዓመት ቆሟል።

የተቆረጠው መንገድ ያወጣው ገበያ

ለታለመለት ዓላማ ያልደረሰ መንገድ ዋጋ የለውም ብሎ ማሰብ ግን ስሕተት ነው። ነጋዴ ባለበት ያልተጨረሰ ነገርም ጥቅም ያገኛል።

ብሮድዌይ ላይ ከመንገዱ የሚወርድ መኪና ጥቂት ብሎኮች እንደሄደ የሚያገኘው የቻይና ሰፈርን ነው። ቻይናታውን በአሜሪካ ከሚገኙት የቻይናውያን ሰፈሮች ሁሉ በዕድሜ ቀዳሚው ሲሆን፣ የግሮሰሪ፣ የወርቅ፣ የሻይ፣ የባሕላዊ መድኃኒትና የምግብ ቤት ገበያ የተጨናነቀበት ቦታ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በተለይም ከ1960ዎቹ ወዲህ ኑሮው የተሻሻለለት ቤተሰብ ከዚህ ጠባብ ሰፈር እየወጣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ባሉ ከተሞች ቤት ገዝቷል። ይሁንና ለሳምንቱ የሚሆነውን አስቤዛ ለመግዛት፣ አያቶቹን ለመጠየቅ፣ ሠርግና ልደት ለማክበር የሚመለሰው ወደ ድሮው ሰፈር ነበር። የሚመለሰውም በመኪና፣ በቤይ ድልድይና በ480 ላይ ነው። በጎረቤቱ በኖርዝ ቢች ያሉት የጣሊያን ምግብ ቤቶችና ከዚያ አልፎ በፊሸርማንስ ዎርፍ ያሉት የቱሪስት ሱቆችም የዚሁ መውረጃ ተጠቃሚዎች ነበሩ።

በመሆኑም መሐንዲሶች “ሳይጨረስ የቀረ” የሚሉት መንገድ ለእነዚህ ነጋዴዎች የገዛ ደጃፋቸው በር ሆነ። ያለ ኪራይ፣ ያለ ግብር የተገኘ በር። የኪራይ ዋጋ፣ የቁልፍ ክፍያ፣ የዕቃ ክምችት፣ የቅዳሜና እሑድ የሠራተኛ ብዛት፣ ሁሉም ይህ በር ክፍት ሆኖ ይኖራል በሚል ግምት ላይ ተሠራ።

በመንገዱ ሌላ ወገን፣ ወደ ባሕሩ ያለው ገበያ ግን በዚያው ዘመን እየሞተ ነበር። ብዙዎች ወደቡን የገደለው ያ መንገድ ነው ይላሉ። ነገሩን በጥሞና ላየው ገዳዩ ሌላ ነው፤ ኮንቴይነር ይባላል። የሳን ፍራንሲስኮ ወደብ እንደ ጣት ወደ ባሕር የገቡ ጠባብ የመርከብ መጠጊያዎች ያሉት፣ ጭነት በሰው ትከሻ ለሚወርድበት ዘመን የተሠራ ወደብ ነው። ኮንቴይነር ደግሞ ሰፊ ሜዳ፣ ክሬንና ከባቡር ሐዲድ ጋር መገናኘት ይፈልጋል። ይህ ሁሉ ማዶ በኦክላንድ ይገኝ ነበር። ኦክላንድ በ1962 የኮንቴይነር መርከብ ማስተናገድ ስትጀምር ጭነቱ ተሻገረ። በሳን ፍራንሲስኮ በኩል የቀሩት መጋዘኖች መኪና ማቆሚያና የማይረባ ዕቃ ማከማቻ ሆኑ። መንገዱ ያደረገው የሞተውን ወደብ ከከተማዋ ዓይን መሸፈንና መሬቱ ሌላ ሥራ እንዳይፈለግለት ማድረግ ነው። ይህ ልዩነት የቃላት ብቻ አይደለም። መንገዱ ቢፈርስ የሚመለስ ጭነት እንደማይኖር፣ ትርፍ ከተገኘም ከመርከብ ሳይሆን ከመሬት እንደሚገኝ አስቀድሞ ይታይ ነበር ማለት ነው።

የሆነ ሆኖ፣ መንገዱ ይፍረስ የሚለው ሐሳብ በ1980ዎቹ አጋማሽ ተነሥቶ የምክር ቤቱን ድጋፍ አገኘ። በጁን 1986 ለሕዝብ ድምፅ በቀረበ ጊዜ ግን መራጩ አልቀበልም አለ። ምክንያቱ የሚያስገርም አይደለም። የማፍረሱ ወጪና የትራፊኩ ጭንቅ ነገ የሚመጣ፣ ሁሉም የሚያየው ነው። ትርፉ ግን ገና ያልተሠራ ሕንፃና ገና ያልተተከለ ዛፍ ነው። በየቀኑ መንገዱን የሚጠቀመው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ባለመኪና ጥቅሙን ያውቃል፤ መንገዱ ቢፈርስ ተጠቃሚ የሚሆነው ሰው ግን ገና ወደ ሰፈሩ አልመጣም። ያልመጣ ሰው ድምፅ አይሰጥም።

የአሥራ አምስት ሰከንድ ሒሳብ

ኦክቶበር 17 ቀን 1989 ከቀኑ 11 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ላይ መሬት ተንቀጠቀጠ። መንቀጥቀጡ በመለኪያው 6.9 የደረሰ ሲሆን፣ የቆየው 15 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በአካባቢው 63 ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህ ውስጥ 42ቱ ያለቁት ኦክላንድ ውስጥ ሳይፕረስ የሚባለው አውራ ጎዳና ላይኛው ፎቅ በታችኛው ላይ ሲወድቅ ነው። በዚያ ምሽት የሳን ፍራንሲስኮና የኦክላንድ የቤዝቦል ቡድኖች ለዋንጫ ይጋጠሙ ስለነበር ብዙ ሰው ቀደም ብሎ ወደ ቤቱ ገብቶ ነበር፤ በተለመደው ቀን ቢሆን ኖሮ የሟቹ ቁጥር ከዚህ በብዙ እንደሚበልጥ ይታመናል።

480 አልወደቀም። ነገር ግን እንደ ሳይፕረስ ባለ ሁለት ፎቅ ኮንክሪት ነው፤ ጉዳትም ደርሶበታል። ወዲያውኑ ተዘጋ።

በዚህ ጊዜ ሒሳቡ ተለወጠ። እስከዚያ ቀን ድረስ ምርጫው “ያለውን በነጻ ማቆየት ወይስ ገንዘብ አውጥቶ ማፍረስ?” የሚል ነበር። ከመንቀጥቀጡ በኋላ በነጻ የሚቆይ ነገር ጠፋ። መጠገንም ገንዘብ፣ ማፍረስም ገንዘብ ሆነ። በ1950ዎቹ ለመንገዱ የወጣው ወጪ ከዚህ ውሳኔ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ኢኮኖሚስቶች ለዚህ ረጅም ማብራሪያ ይሰጡታል፤ ገበሬው በአንድ ተረት ጨርሶታል።

ከንቲባው አርት አግኖስ ይህን ዕድል አይተው መንገዱ ፈርሶ በምትኩ በመሬት ደረጃ ሰፊ ጎዳና እንዲሠራ ሐሳብ አቀረቡ። ተቃውሞው የመጣው ካልተጠበቀ ወገን አልነበረም።

የቻይና ሰፈር ሙግት

የቻይናታውን ነጋዴዎች ለሙግታቸው ማስረጃ ፍለጋ መድከም አላስፈለጋቸውም። መንገዱ በተዘጋ ማግስት ገበያቸው ቀዘቀዘ። ማዶ ያለው ደንበኛ ቤይ ድልድይ ራሱ ለአንድ ወር በመዘጋቱ ቀረ፤ ድልድዩ በኖቬምበር 1989 ሲከፈትም ሁሉም አልተመለሰም። ሰው ልማዱን ለመቀየር ጥቂት ሳምንት ይበቃዋል። ኦክላንድ የራሷ የቻይና ሰፈር አላት፤ በሳን ፍራንሲስኮ ምዕራብ በክሌመንት ስትሪት ሌላ ገበያ አድጓል፤ በየከተማው ዳር ደግሞ ሰፊ መኪና ማቆሚያ ያላቸው የእስያ ሱፐርማርኬቶች ብቅ ብቅ ማለት ጀምረዋል። አንዴ አዲስ ባለሱቅ የለመደ ደንበኛ መንገድ ስለተከፈተለት ብቻ እንደማይመለስ መርካቶ የነገደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ሙግቱን በግንባር የመሩት የቻይናውያን ንግድ ምክር ቤት አማካሪ የነበሩት ሮዝ ፓክ ናቸው። ቀድሞ ጋዜጠኛ የነበሩት እኚህ ሴት በኋላ በከተማዋ ፖለቲካ ከንቲባ አውጪና ከንቲባ አውራጅ እስከመባል ደርሰዋል። መንገዱ ተጠግኖ ይከፈት የሚለው ጥያቄያቸው ለውበት ግድ የሌለው ሰው ክርክር ተደርጎ በጊዜው ተነቅፏል። ነቀፌታው ተገቢ አልነበረም። ነጋዴዎቹ የተናገሩት ግልጽ የሆነ የሒሳብ ጉዳይ ነው። ከመፍረሱ የሚገኘው ጥቅም ባሕሩ ዳር ባለው መሬት ላይ ይወድቃል፤ ጉዳቱ ግን ብሮድዌይና ስቶክተን ጎዳና ላይ ይወድቃል። አንደኛው ለሌላው የሚከፍልበት መንገድ ካልተበጀ “ከተማዋ አተረፈች” ማለት ለከሠረው ሰው ምኑ ነው?

የመጨረሻ ውሳኔው በ1990 በምክር ቤቱ ውስጥ 6 ለ 5 በሆነ ድምፅ ተሰጠ፤ በአንድ ድምፅ ብልጫ ይፍረስ ተባለ። ለቻይና ሰፈር ማካካሻ እንዲሆን ደግሞ ከደቡብ የከተማዋ ክፍል ተነሥቶ እስከ ሰፈሩ የሚደርስ የምድር ውስጥ ባቡር እንደሚሠራ ቃል ተገባ። ማፍረሱ በፌብሩዋሪ 1991 ተጀመረ። በዚያው ዓመት ቁጥር 480 ከካሊፎርኒያ አውራ ጎዳናዎች ሕግ ተሰረዘ። ከንቲባ አግኖስም በዲሴምበር 1991 በተደረገው ሁለተኛ ዙር ምርጫ በቀድሞው የፖሊስ አዛዥ በፍራንክ ጆርዳን ተሸንፈው ከሥልጣናቸው ወረዱ። ለሽንፈታቸው የቻይና ሰፈር ቅሬታ አንዱ ምክንያት እንደነበር በሰፊው ይነገራል።

መሬቱ ሲገለጥ

መኪናው ሁሉ የት ገባ? ይፈራ የነበረው የማያባራ መጨናነቅ አልመጣም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ችግር ነበር፤ ከዚያ ቀስ በቀስ ትራፊኩ ተበተነ። ከፊሉ በሌሎች ጎዳናዎች ተከፋፈለ፣ ከፊሉ ባቡርና ጀልባ ያዘ፣ ከፊሉ ጉዞውን ተወው። ጉዞም እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ዋጋ አለው፤ ዋጋው ደቂቃ ነው። ዋጋው ሲወደድ ገዢው ይቀንሳል። (የቀነሰው ጉዞ ውስጥ ለቻይና ሰፈር የሚደረገው የእሑድ ግብይት እንደነበረበት አንባቢ ልብ ይበል። የትራፊክ ባለሙያው “ጠፋ” ያለው መኪና፣ የሱቅ ባለቤቱ “ቀረ” የሚለው ደንበኛ ነው።)

በመንገዱ ፋንታ ሰፊ የእግረኛ መሄጃ ያለው፣ የዘንባባ ዛፍ የተተከለበት ጎዳና ተሠራ። ከማርች 2000 ጀምሮ ጥንታዊዎቹ ትራሞች በዚሁ ጎዳና እስከ ፊሸርማንስ ዎርፍ መሄድ ጀመሩ። ፌሪ ቢልዲንግ ታድሶ በ2003 የምግብ ገበያና የቢሮ ሕንፃ ሆኖ ተከፈተ። ባዶ የነበሩት መጋዘኖች አንድ በአንድ ተከራይ አገኙ፤ በ2013 ኤክስፕሎራቶሪየም የተባለው ታዋቂ የሳይንስ ሙዚየም ወደ አንዱ ገባ።

ከሁሉ የሚበልጠው ገንዘብ የተገኘው ግን ባሕሩ ዳር ሳይሆን ትንሽ ገባ ብሎ፣ መንገዱ ከቤይ ድልድይ ጋር ይገናኝበት በነበረው ቦታ ነው። የመገናኛ ቀለበቶቹና መውረጃዎቹ ሲነሡ በከተማዋ እምብርት የግዛቱ መንግሥት ንብረት የሆኑ ባዶ ቦታዎች ተገለጡ። በ2003 በተደረሰ ስምምነት ግዛቱ ቦታዎቹን ለከተማዋና ለአውቶቡስ ተርሚናሉ ባለሥልጣን አስተላለፈ። ቦታው የተሰጠው በቅድመ ሁኔታ ነው፦ ከሽያጩ የሚገኘው ገንዘብና በኋላ ከሚነሡት ሕንፃዎች የሚሰበሰበው ተጨማሪ የንብረት ግብር ለአዲሱ የትራንስፖርት ማዕከል ግንባታ ይውላል። በአካባቢው ከሚሠሩት መኖሪያዎች 35 በመቶው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው እንዲሆኑም በሕግ ተደነገገ። ዛሬ ያ ሰፈር የረጃጅም ፎቆች ጫካ ነው። ከእነርሱ ረጅሙ፣ 326 ሜትር የሚደርሰውና በ2018 የተከፈተው የሴልስፎርስ ማማ የቆመው ከተርሚናሉ በተቆረጠ መሬት ላይ ሲሆን፣ ያ አንድ ቦታ ብቻ በ2013 የተሸጠው በ192 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ለባለሀብት አንድ ማስጠንቀቂያ ማንሣት ይገባል። “መንገዱ በመፍረሱ የመሬት ዋጋ ይህን ያህል በመቶ አደገ” የሚሉ አኃዞች በየቦታው ይጠቀሳሉ። እንዲህ ያለውን አኃዝ በጥርጣሬ ማየት ይሻላል። የ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የኢንተርኔት ኩባንያዎች ገንዘብ ሳን ፍራንሲስኮን ያጥለቀለቀበት ዘመን ነው። ከመንገዱ ቦታ በስተደቡብ በግል ገንዘብ የተሠራው የቤዝቦል ስታዲየም የተከፈተውም በ2000 ነው። የትኛው ምን ያህል እንዳዋጣ መለየት ያስቸግራል። ከ2020 የኮሮና ወረርሽኝ በኋላ ሠራተኛው ከቤቱ መሥራት ሲጀምር በ2024 ከከተማዋ የቢሮ ቦታ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ባዶ ነበር። ዛፉና ባሕሩ እዚያው ነበሩ፤ ተከራዩ ነው የጠፋው።

የሠላሳ ሁለት ዓመት ዱቤ

ወደ ቻይና ሰፈር እንመለስ። ቃል የተገባለት የምድር ውስጥ ባቡር ግንባታ በ2010 ገደማ ተጀመረ፤ በ2018 መጨረሻ ያልቃል ተባለ፤ አላለቀም። በኖቬምበር 2022 በቅዳሜና እሑድ ብቻ ሥራ ጀመረ፤ መደበኛ አገልግሎት የሰጠው በጃንዋሪ 2023 ነው። 2.7 ኪሎ ሜትር ለሚሆነው ለዚህ መስመር የወጣው ገንዘብ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋል። በሰፈሩ የሚገኘው ጣቢያ፣ ብዙ ክርክር ተደርጎበት፣ በ2016 ባረፉት በሮዝ ፓክ ስም ተሰይሟል።

2 ቢሊዮን ዶላር ለአንድ ሰፈር ትልቅ ካሣ ይመስላል። ነገር ግን ገንዘብ የጊዜ ዋጋ አለው። በመቶ ስምንት ወለድ ቢሰላ፣ ከ32 ዓመት በኋላ የሚከፈል አንድ ዶላር በ1991 የነበረው ዋጋ ዘጠኝ ሳንቲም አይሞላም። በ1991 የ40 ዓመት ጎልማሳ የነበረ ባለሱቅ ባቡሩ ሲገባ 72 ዓመቱ ነው። ይህም ሱቁን እስከዚያ ማቆየት ከቻለ ነው።

በዚህ ላይ ባለሱቁና የሕንፃው ባለቤት ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። በቻይናታውን ብዙው ሕንፃ የጥንት የቤተሰብና የአገር ልጆች ማኅበራት ንብረት ነው። ሕንፃ ያለው ማኅበር ሠላሳ ዓመት መታገሥ ይችላል፤ የወር ኪራይ የሚከፍል ተከራይ ግን ሦስት ወር መታገሥ ያቅተዋል። ባቡሩ የሚያመጣው የዋጋ ጭማሪ ከኖረም የሚገባው በኪራይ መልክ ለባለቤቱ ነው። እንዲያውም በ1980ዎቹ አጋማሽ የሰፈሩን መልክና ድሃ ነዋሪውን ለመጠበቅ ሲባል በቻይናታውን ረጃጅም ሕንፃ እንዳይሠራ የሚያግድ ደንብ ወጥቷል። ደንቡ ለነዋሪው ደግ ነው፤ በዚያው መጠን ግን ባሕሩ ዳር የታየው የመሬት ትርፍ ወደዚህ ሰፈር እንዳይሻገር በሩን ዘግቶታል።

ከተማዋ ከዚህ ታሪክ ምንም አልተማረችም ማለት አይቻልም። ያው መንቀጥቀጥ ሴንትራል ፍሪዌይ የሚባለውን ሌላ መንገድ በጎዳ ጊዜ፣ መራጩ በ1997 ይጠገን፣ በ1998 ይፍረስ፣ በ1999 እንደገና ይፍረስ ብሎ ወሰነ። በምትኩ የተሠራው ኦክታቪያ ጎዳና በ2005 ሲከፈት፣ ከመንገዱ ሥር የተገለጡት ቦታዎች ለሽያጭና ለመኖሪያ እንዲውሉ አስቀድሞ ታቅዶ ነበር። በኦክላንድ ደግሞ የሳይፕረስ አውራ ጎዳና በቀድሞ ቦታው እንዳይመለስ የጥቁሮቹ ሰፈር ነዋሪዎች ተከራክረው ረቱ። አዲሱ መንገድ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ፈጅቶ በሰፈሩ ዳር ዞሮ በ1997 ሲከፈት፣ አሮጌው ቦታ ዛፍ ተተክሎበት በኔልሰን ማንዴላ ስም ተሰየመ።

የቻይና ሰፈሩ ባቡር በበኩሉ ሌላ ጥያቄ አስከትሏል። ዋሻው የተቆፈረው ከሮዝ ፓክ ጣቢያ አልፎ እስከ ኖርዝ ቢች ድረስ ነው፤ የመቆፈሪያ ማሽኖቹም በ2014 የወጡት በዚያ በኩል ነው። በኖርዝ ቢች ግን ጣቢያ አልተሠራም። ባቡሩ ቻይናታውን ላይ ይቆማል፤ ዋሻው ብቻ ይቀጥላል። በ480 መውረጃ ደንበኛ ይመጣላቸው የነበሩት የኖርዝ ቢችና የፊሸርማንስ ዎርፍ ነጋዴዎች መስመሩ ይቀጥልልን ብለው መጠየቁን ይዘዋል።